«ያቺን ዘፈን ማነው የዘፈናት?»፦ በድሬዳዋ የአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የዘፈን መለያ ሥራ

ጉዳዩ

ድሬዳዋ የሚገኝ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ፣ የሚያጫውተው ዘፈን ስም በአድማጩ ሬዲዮ ስክሪን ላይ እንዲነበብ የሚያደርግ መሣሪያ ገዝቶ ተከለ። መሣሪያው የተባለለትን ሠራ። የስቱዲዮው ስልክ ግን እንደ ድሮው መጮኹን አልተወም፤ ጥያቄውም ያው የድሮው ነበር፦ «አቦ፣ ያቺን ከዜናው በፊት ያጫወታችኋትን ማነው የዘፈናት?»

መሣሪያው ካልተበላሸ ጥያቄው ለምን አልቆመም? ጣቢያው መልሱን እስኪያገኝ ወራት ፈጅቶበታል። ሂደቱ እዚህ የተጻፈው ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው ጣቢያዎች ሥራውን ከሌላኛው ጫፍ እንዲጀምሩት ነው። ጣቢያውም ሰዎቹም በስም አይጠቀሱም።

ጣቢያውና አድማጩ

ነገሩ ያተኮረው ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት በሚተላለፈው የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ ነው። ድሬ በዚያ ሰዓት ሙቀቱ ይከብዳታል። ሱቁ ይዘጋል፣ በርጫ ይቀመጣል፣ ሬዲዮ ይከፈታል። መንገድ ላይ የሚቀረው በአብዛኛው ባጃጅ ነው፤ እሱም ሬዲዮ አለው። ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ አንድ ዘፈን እኩል የሚሰማበት ሰዓት ቢኖር ይሄ ነው።

ፕሮግራሙ በአማርኛ ይመራ እንጂ ዘፈኑ የአምስት ቋንቋ ነው፦ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛና ዐረብኛ። ይህ የከተማዋ ጠባይ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የተመሠረተች ከተማ ናት፤ ሰዉም ዘፈኑም ከየአቅጣጫው መጥቶ እዚህ ተገናኝቷል። በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን የተቋቋመው እዚሁ ነው፤ ከዚያ የወጣው አሊ ቢራም ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪኛ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ ዘፍኗል። እንዲህ ባለ ከተማ አንድ አድማጭ የማያውቀውን ቋንቋ ዘፈን ወዶ ስሙን ሊጠይቅ መደወሉ የየዕለት ነገር ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው አዝማቹን እንኳ ይዞ መጠየቅ አይችልም፤ ቢበዛ ያንጎራጉረዋል። ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ብዙ ነገር ወስኗል።

ሐሳቡ ከየት መጣ

አሜሪካ ውስጥ ኤችዲ ሬዲዮ የሚባለው ዲጂታል ስርጭት በ2007 እ.ኤ.አ. የዘፈን መለያ የሚያስቀምጥ ቁልፍ ይዞ መጣ። አድማጩ የወደደው ዘፈን ሲመጣ ቁልፉን ይጫን ነበር። ሬዲዮው የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ርዕስና መለያ ቁጥሩን ይይዝ ነበር። አይፖድ የተባለው የአፕል የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ሲሰካበት መረጃው አይቱንስ ወደተባለው የዘፈን መደብር ያልፍና ዘፈኑ ለግዢ ይቀርብ ነበር። ብልህ አሠራር ነበር፤ ነገር ግን የተሠራው ሰንሰለቱ ከዳር እስከ ዳር ላለበት አገር ነው፦ ዲጂታል ስርጭት፣ ተቀባዩ ሬዲዮ፣ የተመዘገበ ዘፈን፣ የመስመር ላይ መደብር፣ የባንክ ካርድ። አንዱ ቀለበት ከጎደለ ቁልፉ ለምንም አይሆንም።

የድሬው ጣቢያ ስርጭቱ አናሎግ ኤፍ ኤም ነው። ቴክኒሻኑ ለዚህ የሚቀርበውን መረጠ፤ አርዲኤስን። አርዲኤስ በኤፍ ኤም ሞገድ ላይ ተጭኖ የሚሄድ ትንሽ የጽሑፍ መስመር ነው። በ57 ኪሎኸርዝ ንዑስ ተሸካሚ (ከዋናው ሞገድ ጋር አብሮ በሚሄድ ትንሽ ሞገድ) ላይ በሴኮንድ 1187.5 ቢት ይልካል። 57 የስቴሪዮው ፓይለት (ስርጭቱ ስቴሪዮ መሆኑን ለሬዲዮው የሚነግረው ምልክት) የ19 ኪሎኸርዝ ሦስት እጥፍ ስለሆነ፣ ጽሑፉን ወደ ሞገዱ የሚያስገባው መሣሪያ፣ ኢንኮደሩ፣ ከፓይለቱ ጋር መታሰር አለበት። የጣቢያው ስም 8 ፊደል፣ የዘፈኑ ጽሑፍ ደግሞ እስከ 64 ፊደል ይሆናል። 64ቱ በ16 ጥቅል፣ በእያንዳንዱ 4 ፊደል ሆኖ ይሄዳል። በሴኮንድ 11.4 ጥቅል ያልፋል፤ ከዚያ ሩቡ ለዘፈን ጽሑፍ ቢሰጥ ሙሉው ጽሑፍ ወደ 6 ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። ሞገዱ ደካማ በሆነበት ሰፈር ጥቅል እየወደቀ ስለሚደገም ጊዜው ይረዝማል።

የመጀመሪያው ሙከራ

ተከላው ሁለት ቀን ወሰደ። ኢንኮደሩ ማሰራጫው ጋ ተቀመጠ፤ ስቱዲዮ ያለው የማጫወቻ ኮምፒውተር እያንዳንዱ ዘፈን ሲጀምር ስሙን በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ፋይሉን በየ2 ሴኮንዱ እያነበበች ወደ ኢንኮደሩ ትልካለች። የንዑስ ተሸካሚው መጠን በ2 ኪሎኸርዝ ዲቪዬሽን (ዋናውን ሞገድ በሚያወዛውዝበት ልክ) ተጀመረ፤ ዳር ሰፈሮች ላይ ጽሑፉ ሲቆራረጥ ወደ 3 ከፍ ተደረገ። ከዚያ በላይ መጨመር የድምፁን ድርሻ መብላት ስለሆነ እዚያው ቆመ።

ቴክኒሻኑ ከአውሮፓ ገበያ በመጣች የአንድ ባልደረባ መኪና ከተማውን ዞረ። ጽሑፉ በየቦታው ተነበበ። ሥራው ያለቀ መሰለ።

ለምን አልደረሰም

መጀመሪያ የተጣራው አድማጩ በምን እንደሚያዳምጥ ነው። ይህ ከግዢው በፊት መደረግ ነበረበት፤ በጉዳዩ ውስጥ ትልቁ ስህተትም ይኸው ነው። ለማጣራት የፈጀው አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር፦ ሁለት ሠራተኞች ለገሃር ባጃጅ መቆሚያ ላይና አንድ መኪና እጥበት ቤት ቆመው ሬዲዮዎቹን ተመለከቱ።

የከተማው ቪትዝና መሰል መኪኖች ከጃፓን ገበያ የመጡ ናቸው። የጃፓን የኤፍ ኤም ክልል ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር፤ ኋላ እስከ 95 ተዘርግቷል። የእኛ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ በአንቴናው ገመድ መሃል ኤክስፓንደር ይገባበታል፤ ሞገዱን ወደ ታች ዝቅ አድርጎ ለሬዲዮው ያቀርባል። በ18 ሜጋኸርዝ ዝቅ የሚያደርግ ኤክስፓንደር የገባለት መኪና 100.0ን የሚይዘው 82.0 ላይ ነው። ድምፁ ይመጣል። ጽሑፉ ግን አይመጣም፤ ጃፓን አርዲኤስን ስላልተጠቀመች ለዚያ ገበያ የተሠራው ሬዲዮ የሚያነብበት ክፍል የለውም። ኢንኮደሩን የቱንም ያህል ቢያስተካክሉ ይህን አይለውጠውም።

ባጃጆቹ ውስጥ ያለው ፍላሽና ሚሞሪ የሚያጫውት ርካሽ ቴፕ ነው፤ ስክሪኑ የሚያሳየው የሞገዱን ቁጥር ብቻ ነው። የበርጫ ቤቱ ሬዲዮም እንደዚያው። በስልክ የሚያዳምጡት የጆሮ ማዳመጫውን ሽቦ አንቴና አድርገው ስልኩን ኪሳቸው ይከታሉ፤ ስክሪኑ ቢያሳይም የሚያየው ሰው የለም።

ሌላው ችግር ፊደሉ ነው። አርዲኤስ የግዕዝን ፊደል አያውቅም፤ በተለምዶ የሚልከው የላቲኑን ነው። አርዲኤስ 2 የተባለው አዲሱ ዓይነት ሌላ ፊደልም ይሸከማል፤ ግን አዲስ ሬዲዮ ይፈልጋል። ስለዚህ የአማርኛው ስም ሁሉ በላቲን ተጻፈ፤ ጸሐፊው በተለወጠ ቁጥርም አጻጻፉ ተለወጠ። ስክሪኑ ላይ ያነበበውን ስም ስልኩ ላይ ጽፎ የፈለገ ሰው ዘፈኑን አያገኘውም።

የመጨረሻው ችግር በቁጥር ትንሽ ነው፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ዲጄ የሚያጫውተው ከራሱ ላፕቶፕ ነው። የማጫወቻው ኮምፒውተር ይህን ስለማያውቅ የመጨረሻውን ዘፈን ስም እንደያዘ ይቀራል። አንድ ቅዳሜ ለ40 ደቂቃ ያህል የአንድ ዘፋኝ ስም በሌሎች ሰዎች ዘፈን ላይ ተለጥፎ ቆየ። ስም ከሌለው ዘፈን የተሳሳተ ስም ያለው ይብሳል፤ የሌለው ያስጠይቃል፣ የተሳሳተው ግን ጥያቄውን ይዘጋዋል፤ ለዘፋኙም በደል ነው። ጥገናው ቀላል ነበር፦ የውጭ መስመሩ ሚክሰሩ ላይ ሲከፈት አንዲት ማብሪያ ለኮምፒውተሩ ምልክት ትሰጣለች፤ ያኔ የዘፈን ስም ይጠፋና የፕሮግራሙ ስም ብቻ ይታያል።

የስልኩ መዝገብ

ከዚህ በኋላ ጣቢያው ያደረገው ነገር ከሁሉ የረከሰ ሆኖ ከሁሉ የበለጠ አስተማረ። ስልኩ አጠገብ ባለመስመር ደብተር ተቀመጠ። ለአራት ሳምንት የደወለ ሰው ሁሉ የጠየቀው ነገር በራሱ ቃል ተጻፈ፤ «የዘፈን ስም ጠየቀ» ብሎ ማሳጠር ተከለከለ። ሰዓቱ፣ የጥያቄው ቃል፣ የተሰጠው መልስ፣ ደዋዩ ቀጥሎ ያለው ነገር፤ አራት ዓምድ።

ቁም ነገሩ የወጣው ከአራተኛው ዓምድ ነው። ስሙ ከተነገረው በኋላ ስልኩን የሚዘጋው ጥቂት ሰው ነበር። አንዲት እናት የዘፋኙ ስም ሲነገራቸው ያሉት እንዲህ ተጽፏል፦ «ስሙንስ አወቅሁት ልጄ፤ አሁን መቼ ትደግሙልኛላችሁ?» አንድ የባጃጅ ሾፌር፦ «እሺ ወንድሜ፣ ፍላሽ ላይ የሚጭን ቤት የቱ ጋ አለው?» ሌላው የሶማሊኛ ዘፈን ሰምቶ፦ «ምን እያለ ነው? ሆዴን በላኝኮ።»

ጣቢያው ሁሉም የዘፈን ስም የሚፈልግ ይመስለው ነበር። መዝገቡ እንደሚለው ሰዉ የሚፈልገው ዘፈኑን መልሶ መስማት ነው፤ ስሙ መንገዱ ነው። ፍላጎቱ ሲለይ አራት ሆነ፦ ማን እንደዘፈነው ማወቅ፣ መቼ እንደሚደገም ማወቅ፣ የት እንደሚገኝ ማወቅ፣ የማያውቁት ቋንቋ ከሆነ ምን እንደሚል ማወቅ። ሬዲዮ ስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱንም ላነበበው ሰው።

ዘፈኑን በርዕሱ የጠየቀ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የሚጠየቀው በአዝማቹ ነው፦ «ያቺ እንዲህ የምትለዋ።» ካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው ርዕስና ሰዉ ዘፈኑን የሚጠራበት ስም ብዙ ጊዜ አይገናኙም። «ትዝታ» ወይም «ባቲ» የሚል ርዕስ ብቻውንማ ምንም አይናገርም፤ ቅኝቱም ዘፈኑም በዚያው ስም ይጠራል፣ የዘፈኑትም ብዙ ናቸው። ውጭ አገር የተሠራ የመለያ አሠራር በአብዛኛው ርዕስን ዋና አድርጎ የተነሣ ስለሆነ ይህን አይገምትም።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ሠንጠረዡ

የጣቢያው የዘፈን ክምችት ከካሴት የተገለበጠ፣ ከሲዲ የተወሰደና ከኢንተርኔት የወረደ ድብልቅ ነው። የፋይሎቹ ስም «ትራክ 01» ወይም የአውራጅ ድረ ገጽ ስም ነበር። በፋይሉ ውስጥ ያለው መለያም እንደዚያው ዝብርቅርቅ ያለ ነው። የድሮው የኤምፒ3 መለያ ለርዕስ 30 ባይት ብቻ ይሰጣል፤ አንድ የግዕዝ ሆሄ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል መመዝገቢያ ዘዴ ሦስት ባይት ስለሚወስድ ቢጻፍበት እንኳ 10 ሆሄ ላይ ይቆረጣል። የማጫወቻው ፕሮግራም ደግሞ አሮጌ ነውና ዩኒኮድን (የብዙ ቋንቋ ፊደል የሚይዘውን የኮምፒውተር ሥርዓት) አያውቅም፤ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይታያል።

መፍትሔው ስሙን ከፋይሉ ማውጣት ሆነ። እያንዳንዱ ዘፈን ባለአራት አኃዝ ቁጥር ተሰጠው፤ የፋይሉ ስም ቁጥሩ ብቻ ነው፦ 0417። የቀረው ሁሉ በአንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ሰፈረ። ማጫወቻው 0417 ብሎ ይጽፋል፤ ትንሿ ፕሮግራም ሠንጠረዡን ከፍታ አማርኛውን ወደ ቴሌግራም፣ ላቲኑን ወደ አርዲኤስ ትልካለች። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቁጥር፣ ዘፋኝ፣ አዝማች፣ ርዕስ፣ ቋንቋ፣ ባለግጥምና ባለዜማ፣ ምንጭ፣ የአንድ ዐረፍተ ነገር ፍቺ፣ እርግጠኝነት።

የእርግጠኝነት ዓምድ በደንብ ሊታሰብበት ይገባል። 1 ማለት ስሙ በታተመ ሽፋን ላይ ታይቷል ማለት ነው፤ 2 ማለት በሰው ቃል ነው፤ 3 ማለት አይታወቅም። 3 የሆነ ዘፈን ስም አይወጣለትም። ይህ ዓምድ ባይኖር የመጀመሪያው ሰው የገመተው ስም በሳምንቱ እውነት ሆኖ ይቀር ነበር።

ክምችቱን ሁሉ ልሙላ ማለት አያዛልቅም። መጀመሪያ የተሞሉት በስልኩ መዝገብ ላይ የተጠየቁት ናቸው፤ ከዚያ በየቀኑ የሚጫወቱት። ሁለት ሰው፣ አንዱ እያዳመጠና ሽፋን እያየ፣ ሌላው እየጻፈ፣ ለአንድ ዘፈን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ወሰደባቸው። ከካሴት የመጣው ከዚያም በላይ ይፈጃል።

ሆሄ፣ ስምና ሰዓት

ፍለጋው ሲጀመር ያለው ዘፈን «የለም» እየተባለ አስቸገረ። ምክንያቱ ሞክሼ ሆሄ ነው። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ»፤ አሊ ቢራን አንዱ በአ፣ ሌላው በዐ፣ ሌላው በዓ ይጽፈዋል። ለኮምፒውተር እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም የተደበቀ የፍለጋ ቅጂ ተሠራ፦ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነርባታቸው ይለወጣሉ፤ ሃ ከሀ ጋር፣ ኣና ዓ ከአ ጋር አንድ ይሆናሉ። በቁቤ የተጻፈ የኦሮምኛ ስም ሲፈለግ ደግሞ የተደጋገመ ፊደል ወደ አንድ ይወርዳል። የአድማጩም ጥያቄ በዚያው ወንፊት ያልፋል። ለዕይታ የሚወጣው ግን ዘፋኙ ራሱ ሽፋኑ ላይ ያጻፈው አጻጻፍ ነው፤ የሰው ስም ለማሽን ሲባል አይታረምም።

ከውጭ አገር የዘፈን መረጃ ቋት የተወሰደ መረጃ ሌላ ጣጣ አመጣ። እነሱ የቤተሰብ ስም አስቀድመው ስለሚደረድሩ የእኛን ሰው በአባቱ ስም ያስገቡታል። አድማጭ በራሱ በዘፋኙ ስም ሲፈልግ አያገኘውም። እነዚህ በእጅ ተገለበጡ።

ሰዓቱን ማንም አላሰበበትም ነበር። አድማጭ «8 ከ20 ላይ የነበረው» ይላል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ 14:20 ብሎ መዝግቦታል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍለጋው የጠዋት 8:20ን ዘፈን እየመለሰ፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ከ20 የነበረውን ማለት ነው፣ ሰውን አሳሳተ። አሁን መዝገቡ ስድስት ሰዓት ተቀንሶለት «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚል ቃል ታክሎበት ይቀመጣል። ጠያቂው ካልገለጸ ሁለቱም ይላኩለታል።

የአስተዋዋቂው አፍ

የሁሉም ሬዲዮ የሚቀበለው መለያ አንድ ነው፦ የሰው ድምፅ። ባጃጁም፣ ቪትዙም፣ የበርጫ ቤቱም። ስለዚህ ትልቁ ለውጥ ምንም ዕቃ አልፈለገም። ዘፈን ካለቀ በኋላ፣ ማስታወቂያ ከመግባቱ በፊት፣ የዘፋኙ ስምና አዝማቹ ይነገራል፤ ለዚህ 6 ሴኮንድ በፕሮግራሙ ውስጥ ተያዘለት። ሦስት ዘፈን ተከታትሎ ከሄደ ስሙ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይጠራል፤ አድማጩ ጆሮ ላይ ያለው የመጨረሻው ነውና። አማርኛ ላልሆነ ዘፈን የፍቺዋ ዐረፍተ ነገር ትታከላለች።

ይህ መጀመሪያ አልተወደደም። አስተዋዋቂዎቹ ስም የሚጠሩት ዘፈኑ ሲገባ፣ መግቢያው ላይ እየተናገሩ ነበር። ያ ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን ሰው ዘፈኑን የሚወደው ከሰማው በኋላ ስለሆነ መግቢያው ላይ የተነገረው ስም ያኔ አልፏል። የማስታወቂያ ክፍሉም 6 ሴኮንዱን ተከራከረ። ያግባባቸው የስልኩ ደብተር ነው። ከዘፈን በኋላ ስም በተነገረባቸው ቀናት «ማነው የዘፈነው» የሚለው ጥያቄ በግልጽ ሳሳ፤ የሚመጣው ጥሪ ወደ «መቼ ትደግሙታላችሁ» ዞረ።

ለእሱም ቦታ ተሰጠው። ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ በሳምንቱ የተጠየቁት ይደገማሉ፤ ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ ይነገራል። አንድ ሰው ዘፈኑን ለመቅዳት ስልኩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ አንዳንዱ እናቱን ይጠራል።

መልእክትና ቴሌግራም

ስማርት ስልክ ላላቸው የቴሌግራም ቻናል ተከፈተ። በየዘፈኑ መለጠፍ ተሞከረና ተተወ፤ ሰው ማሳወቂያው በዛብኝ ብሎ እየዘጋው ወጣ። አሁን ዝርዝሩ በሰዓት አንዴ ይወጣል፤ የቸኮለ ሰው ሰዓቱን ወይም አዝማቹን ለቦት፣ በራሱ መልስ ለሚሰጠው ፕሮግራም፣ ይጽፋል።

ተራ ስልክ ያለው በአጭር መልእክት ይጠይቃል። እዚህ ላይ መቁጠር ያስፈልጋል፦ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ይይዛል፤ አንድ የግዕዝ ሆሄ ከገባበት ግን ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል፣ ካለፈ እንደ ሁለት ይከፈልበታል። ስለዚህ መልሱ እንዲህ ተቀረጸ፦ «0417 አሊ ቢራ። ኦሮምኛ። ዛሬ 9:10 ላይ የተሰማው። ሐሙስ 10 ሰዓት ይደገማል።» ክፍት ቦታውና ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ 53 ነው። አዝማቹ አጭር ከሆነ ይገባል፤ ረጅም ከሆነ ይቀራል።

ያልተሳካው

ዘፈኑን ሰምተው ስሙን የሚለዩ የስልክ መተግበሪያዎች ለአድማጩ እንዲጠቆሙ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ነበር፤ በአየርም ተነገረ። ለአዲስ ዘፈን ይሠራሉ። ለዚህ ፕሮግራም አድማጭ ግን የሚበዛው ጥያቄ የድሮ ዘፈን ነው። እነ ሻዛም የሚያወዳድሩት ድምፁን ቋታቸው ውስጥ ካለው ያንኑ ቅጂ ጋር ነው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት፤ የተገለበጠበት ቴፕ ጎማው ከላላ ወይም ክሩ ከተሳበ ፍጥነቱ ይዛነፋል፣ ድምፁም አብሮ ይወርዳል ወይም ይወጣል። ያኔ የድምፁ አሻራ ቋቱ ውስጥ ካለው ጋር አይገጥምም። ዘፈኑ ቋቱ ውስጥ ከናካቴው ከሌለማ ምኑም አይረዳም። ጣቢያው ምክሩን አነሣ።

ሁለተኛው፣ ፋይሉን ራሱን በቴሌግራም እንስጥ የሚለው ነው። አድማጩ የሚፈልገው ይህንኑ መሆኑ ከመዝገቡ ግልጽ ነበር። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ማባዛትና ማሰራጨትን ለባለመብቱ ይሰጣል፤ ዘፈን በአየር ማጫወትና ፋይሉን ማደል አንድ አይደለም። ጣቢያው አላደረገውም፤ ትክክልም ነበር። በምትኩ ዘፋኙ የራሱ የዩቲዩብ ገጽ ካለው እሱ ይጠቆማል፤ ሲዲው ገበያ ላይ ካለም ይነገራል። ለብዙው የድሮ ዘፈን ሁለቱም የሉም፤ ይህ ክፍተት አልተሞላም።

አርዲኤሱ አልተነቀለም። የጣቢያውን ስም በቋሚነት ያሳያል፣ የዘፈኑንም ጽሑፍ ይልካል። የጣቢያውን ስም ስምንት ፊደል ላይ ዘፈን እያንሸራተቱ ማሳየት ለሁለት ቀን ተሞክሮ ነበር፤ ሬዲዮዎች ስሙን እየያዙ በዝርዝር ስለሚያስቀምጡ የጣቢያው ቦታ ላይ የዘፈን ቁራጭ ቃል ተቀምጦ ተገኘ። ያ ቦታ ለጣቢያው ስም ብቻ ነው።

ለሌላ ጣቢያ የሚሆነው

ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ወጪው እጅግ ይቀንስ ነበር። ደብተሩ መጀመሪያ፣ አራት ሳምንት፣ ጥያቄው በደዋዩ ቃል። ቀጥሎ አንድ ከሰዓት ወጥቶ ሰው በምን እንደሚያዳምጥ በዓይን ማየት። ከዚያ የአስተዋዋቂው 6 ሴኮንድ። ሠንጠረዡ አራተኛ፣ መልእክቱና ቴሌግራሙ አምስተኛ። ኢንኮደር የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያኔም ሠንጠረዡ ዝግጁ ስለሆነ የሚልከው ነገር ይኖረዋል። ሐረር ወይም ጅጅጋ ላለ ጣቢያ የቋንቋው ድርሻ ይለያይ ይሆናል፤ የፍቺው ዓምድ ግን ብዙ ቋንቋ በሚደመጥበት ከተማ ሁሉ ያስፈልጋል።

ሠንጠረዡ ባለቤት ይፈልጋል። አንድ ሰው በሳምንት ግማሽ ቀን ካልተመደበለት አዲሱ ዘፈን ያለ ቁጥር ይገባና በሁለት ወር ውስጥ ወደ «ትራክ 01» ይመለሳል። ቅጂውም ከማጫወቻው ኮምፒውተር ውጭ በሌላ ዲስክ ይቀመጥ፤ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር የሚጎዳው ያ ኮምፒውተር ነው።

እርግጠኝነታቸው 3 የሆኑት ዘፈኖች አሁንም አሉ፤ አብዛኞቹ ሽፋናቸው ከጠፋ ካሴቶች የመጡ የኦሮምኛና የሐረሪኛ ዘፈኖች ናቸው። ሐሙስ ከሚደገሙት መሃል አንዷ ሁልጊዜ ከእነዚህ ትመረጣለች፤ «ይህን ድምፅ የሚያውቅ ይደውልልን» ተብሎ ትጫወታለች። የሚደውሉት በብዛት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። የሰጡት ስም ወዲያው አይገባም፤ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ያንኑ ስም ሲሰጡ ቁጥሩ ከ3 ወደ 2 ይለወጣል፣ የተነገረበትም ቀን ይጻፋል። ወደ 1 የሚለወጠው ሽፋኑን ያስቀመጠ ሰው ይዞት ስቱዲዮ ሲመጣ ነው።